መስል ካር ወይስ መሳይ ካር?

(በቨርጂኒያ ለተሰባሰቡ ሐበሻ የመኪና ወዳጆች በቃል የተናገርኩት፣ ኋላ ላይ በጽሑፍ ያሰናዳሁት)

እንደምን አመሻችሁ! ቆማችሁ የምትሰሙ ይቅርታ አድርጉልን። አዘጋጆቹ 20 ሰው ቢመጣ ነው ብለው ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ቅዳሜ ማታ ስለ 50 ዓመት አሮጌ መኪና ለመስማት ይህን ያህል ሐበሻ ከቤቱ ይወጣል ብዬ አልገመትኩም።

ከስሙ ልጀምር። ፈረንጆቹ እነዚህን የድሮ የአሜሪካ መኪኖች በእንግሊዝኛ "መስል" (muscle) ይሏቸዋል፤ "ጡንቸኛ" ማለት ነው። ለዛሬው ማስታወሻ ስይዝ በእኛ ፊደል "መስል ካር" ብዬ ጻፍኩትና ብቻዬን ሳቅኩ። አጋጣሚው ነው እንጂ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም። ዛሬ የምናወራው እኮ ሌላ መኪና መስሎ ስለሚታይ መኪና ነው። መስል ካር ነው ወይስ መሳይ ካር? ጥያቄው ይኸው ነው።

ለማያውቁት በአጭሩ ልበል። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ከ1964 ጀምሮ እስከ 70ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ፋብሪካዎች መካከለኛ መጠን ባለው፣ ብዙም በማይከብድ መኪና ላይ ትልቅ ቪ-8፣ ማለትም ባለ 8 ሲሊንደር፣ ሞተር እየጫኑ ለወጣት ይሸጡ ነበር። ከዚያ ኢንሹራንሱ ናረ፣ የጭስ ሕግ መጣ፣ በ1973 ደግሞ ነዳጅ ጠፋ። አለቀ። ያኔ ጎረምሳ የነበሩት ሰዎች ሸምግለው ገንዘብ ሲይዙ የልጅነት ፍቅራቸውን ፍለጋ ወጡ። ዋጋው ተሰቀለ። ዋጋ የተሰቀለበት ቦታ ደግሞ ፎርጅድ አይጠፋም።

አዲስ አበባ መኪና የገዛችሁ ሁሉ ሊብሬ ታውቃላችሁ። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር አለ። ብረቱ ላይ ያለው ከወረቀቱ ጋር ከገጠመ እፎይ ብለን ቡና እንጠጣለን። እዚህ ግን ቁጥሩ ገጥሞም መኪናው ሊዋሽ ይችላል። ለምን? ቁጥሩ የሚናገረው የተጻፈበትን ብቻ ስለሆነ ነው። ያልተጻፈበትን ሻጩ ይሞላበታል።

ይህ ጣጣ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ለኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ ጣፋጩ ክፍል ይሄ ነው። በ60ዎቹ መጀመሪያ ጄኔራል ሞተርስ አንድ የውስጥ ደንብ ነበረው። መካከለኛ መኪና ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር አይጫንም። ከኩባንያው ክፍሎች አንዱ የሆነው የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ ጆን ዴሎሪያን እና ባልደረቦቹ 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ቴምፔስት በሚባለው መኪና ላይ መግጠም አማራቸው። አዲስ ሞዴል ነው ቢሉ አለቆች ይከለክላሉ። ስለዚህ ሞዴል ነው አላሉም። "'ለማንስ' በሚባለው የቴምፔስት ዓይነት ላይ ደንበኛው ከፈለገ የሚጨመር ዕቃ ነው" አሉ። ተጨማሪ ዋጋው ወደ 295 ዶላር ነበር። ስሙንም ከፌራሪ ተውሰው ጂ ቲ ኦ አሉት። በ1964 ብቻ 32,450 ተሸጠ። አለቆቹ ገንዘቡን ሲያዩ ዝም አሉ።

እንግዲህ ጂ ቲ ኦ በወረቀት ላይ "ዕቃ" እንጂ "መኪና" ስላልነበረ የሻንሲ ቁጥሩ ውስጥ አልገባም። የ1964 እና የ1965 ጂ ቲ ኦ ቁጥሩን ብታነቡት ጂ ቲ ኦ ነኝ አይልም። የዛኔ መሐንዲሶች አለቃቸውን ለመሸወድ የሠሩት ዘዴ ይኸው ከ60 ዓመት በኋላ ገዢ ይሸውዳል። ተራ ለማንስ ገዝቶ ሞተር ቀይሮ፣ የጂ ቲ ኦ ምልክት ለጥፎ የሚሸጥ ሞልቷል። በ1966 ራሱን የቻለ ሞዴል ሆነና ቁጥሩ በ242 መጀመር ጀመረ። እስከ 1971 ድረስ እንዲህ ቀጠለ። በእነዚህ ዓመታት 242 ካላያችሁ ደህና ሁን ብላችሁ ሂዱ። በ1972 ደግሞ ተመልሶ ዕቃ ሆነ። ፖንቲያክ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የፋብሪካው የሽያጭ ሰነድ በማይክሮፊልም ተርፏል፤ የሻንሲ ቁጥሩን ልካችሁ፣ ከፍላችሁ ቅጂውን ታገኛላችሁ። መኪናው ምን ምን ተገጥሞለት እንደወጣ እዚያ ላይ ተዘርዝሯል።

ሌላው የጄኔራል ሞተርስ ክፍል ሼቭሮሌት ላይ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለም። እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ነውና። እኔም ጭምር።

የ1969 ካማሮን ውሰዱ። ከካማሮዎች ሁሉ ዚ-28 የሚባለው ልዩ ነው። የተወለደው ለውድድር ነው። ትራንስ-አም በሚባለው ውድድር ሞተር ከ5 ሊትር እንዳይበልጥ ደንብ ነበር። ሼቭሮሌት ለዚህ ሲል 302 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 5 ሊትር ገደማ፣ ሞተር ሠራ። በወረቀት 290 የፈረስ ጉልበት አለው ይባላል፤ የነዳ ሰው ከዚያ በላይ እንደሆነ ይምላል። በ1967 የተሠሩት 602 ብቻ ናቸው። በ1969 20,302 ደረሱ። አውቶማቲክ ማርሽ የለውም። ከፋብሪካ ኤሲ ያለው የለም። ጣሪያው የሚከፈትም አይደለም። በነገራችን ላይ ጣሪያው የሚከፈት አንድ ዚ-28 በ1968 ተሠርቷል፤ ለራሱ ለሼቭሮሌት አለቃ ለፒት ኤስቴስ። ሁለተኛውን አገኘሁ የሚላችሁ ሰው ካለ ሻይ ጋብዙትና ሸኙት።

የ69 ካማሮ የሻንሲ ቁጥር ዳሽቦርዱ ላይ፣ በሹፌሩ በኩል በፊት መስታወት ይታያል። 124379 ብሎ ይጀምራል እንበል። 1 ሼቭሮሌት፣ 24 ቪ-8 ካማሮ፣ 37 ጣሪያው የማይከፈት፣ 9 ደግሞ 1969 ነው። ቀጥሎ አንድ ፊደል አለ። ኤን ከሆነ ኦሃዮ ኖርዉድ፣ ኤል ከሆነ ካሊፎርኒያ ቫን ናይስ የተሠራ ነው። ከዚያ ተራ ቁጥር። አለቀ። ዚ-28 የሚል አለ? የለም። በ24 ፈንታ 23 ካለ ባለ 6 ሲሊንደር ሆኖ የተወለደ ነውና ክርክሩ እዚያው ይዘጋል። 24 ካለ ግን ገና መጀመሩ ነው።

ድሮ አባቶቻችን ዛፍ ስር "በላ ልበልሃ" ተባብለው ሲሟገቱ ምስክሮችን ለየብቻ ይጠይቁ ነበር። አንዱ የተናገረውን ሌላው እንዳይሰማ። እኔም መኪና የምመረምረው እንዲያ ነው። ምስክሮቼ ደግሞ ሻጩም ጎረቤቱም አይደሉም። ብረቶቹ ናቸው።

አንዱ ምስክር ከኮፈኑ ስር፣ በሞተሩ ክፍልና በጋቢናው መካከል ባለው ግድግዳ ላይ በሪቬት የተመታች ትንሽ ፕሌት ናት። መኪናው የተሠራበት ሳምንት፣ የቀለሙ ኮድ፣ የወንበሩ ኮድ አለባት። 02ሲ ካለች የካቲት ወር፣ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ማለቴ ነው፣ ሦስተኛ ሳምንት ማለት ነው። የኖርዉድ መኪኖች ላይ ደግሞ ከሞዴል ዓመቱ መጀመሪያ ትንሽ ቆይቶ ኤክስ ያለው ኮድ መጣ። ኤክስ 77 ወይም ኤክስ 33 ካለ ዚ-28 ነው። ቫን ናይስ ይህንን ኮድ አልተጠቀመም። ደስ አላችሁ? አይበላችሁ። ይቺ ፕሌት አዲስ ተሠርታ ትሸጣለች። የፈለጋችሁትን ኮድ ያትሙላችኋል።

የሞተር ብሎኩ ሌላው ምስክር ነው። በተሳፋሪው በኩል፣ ከቴስታታው ፊት ለፊት ጠፍጣፋ ቦታ አለች። እዚያች ላይ ሁለት ጽሑፍ ተመትቷል። አንዱ የሞተር ፋብሪካው ነው። ቪ1210ዲዚ ብሎ ቢሆን ቪ ሚሺጋን ፍሊንት፣ 1210 ዲሴምበር 10፣ ዲዚ ደግሞ የ1969 የዚ-28 ሞተር ነው። ሁለተኛው ጽሑፍ የሻንሲ ቁጥሩ ቁራጭ ነው። እሱ የሚመታው መኪናው በሚገጣጠምበት ፋብሪካ ነው። አስተውሉ፤ አንዱን የመታው ፍሊንት ያለ ሠራተኛ፣ ሌላውን የመታው ኖርዉድ ያለ ሠራተኛ። መዶሻው ሌላ፣ ፊደሉ ሌላ፣ እጁ ሌላ። ስለዚህ ሁለቱ ጽሑፎች መንታ ወንድማማች ከመሰሉ ጥርጣሬ ይግባችሁ። አንድ ሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብሎ መትቷቸው ይሆናል።

ደግሞ ያቺን ጠፍጣፋ ቦታ በባትሪ ከጎን አብርታችሁ እዩ። ፋብሪካው ብሎኩን ሲልግ መሣሪያው እንደ ፀጉር የቀጠኑ ትይዩ ጭረቶች ይተዋል። የድሮ ቁጥር ለማጥፋት የሚልጉት ሰዎች እነዚህን ጭረቶች አብረው ያጠፏቸዋል። ቦታው እንደ መስታወት ከለሰለሰ፣ ወይም ጭረቱ ክብ ክብ ከሄደ ነገር አለ። እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ሞተር ሲታደስ በሐቀኛ ሰው እጅም ሊላግ ይችላል። ጭረቱ ስለጠፋ ብቻ ሰውየው ሌባ ነው አይባልም። የጠፋው ጭረት ላይ ጥርት ያለ ትክክለኛ ቁጥር ተቀምጦ ሲገኝ ነው ጉዱ።

አሁን የራሴን ልናገር። አንድ ወዳጄ፣ ዘመኑን ሙሉ ለፍቶ ያጠራቀመ ሰው፣ "69 ዚ-28 አገኘሁ፣ ና እየኝ" አለኝ። እሁድ ነበር። ክርስትና ቤት ውለን ስንመለስ ጎራ አልን። ሱፍ ለብሻለሁ። መኪናው ሣር ላይ ቆሟል። ቀይ፣ ነጭ መስመር ያለው፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ። ፕሌቷ ላይ ኤክስ 77። ኮፈኑን ከፍቼ ዲዚ የሚለውን አነበብኩ። የሻንሲ ቁጥሩ ቁራጭም ከዳሽቦርዱ ጋር ገጠመ። ልቤ ቀልጦ ነበር። "ግዛ!" አልኩት። ሱፌ እንዳይበላሽ ስር አልገባሁም። አዲስ አበባ ጋራዥ ያሳደገኝ አለቃዬ ቢሰማ በጥፊ ነበር የሚለኝ።

ከ3 ወር በኋላ ዘይት ሲያፈስ ክሪክ ላይ ሰቀልነው። መጀመሪያ ያየሁት ባሌስትራውን ነው። ነጠላ። ዚ-28 ተደራራቢ ባሌስትራ ነው የሚኖረው፤ ነጠላው የተራው ካማሮ ነው። ላቤ መጣ። መስታወትና ባትሪ ይዤ ከብሎኩ ኋላ ጫፍ የቀለጠበትን ቀን ፈለግኩ። ይሄኛው ቀን በመዶሻ የተመታ አይደለም። የቀለጠው ብረት ሻጋታ ውስጥ ሲፈስ አብሮ ጎልቶ የሚወጣ ነው፤ እሱን መቀየር ከባድ ነው። ወሩ በፊደል ነው፤ ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ እያለ ይሄዳል። የወዳጄ ብሎክ ቢ 12 9 ይላል። ፌብሩዋሪ 12፣ 1969። ፊት ለፊት የተመታው ደግሞ ሞተሩ የተገጣጠመው ዲሴምበር 10 ነው ይላል። ይገባችኋል? ሞተሩ የተገጣጠመው ብረቱ ከመቅለጡ 2 ወር በፊት ነው። ልጅ ከእናቱ ቀድሞ ተወለደ!

በትክክለኛ መኪና ላይ ቀኖቹ በሰልፍ ነው የሚሄዱት። መጀመሪያ ብረቱ ይቀልጣል፣ ቀጥሎ ሞተሩ ይገጣጠማል፣ ከዚያ መኪናው ይሠራል። በመካከላቸው ቀናት ወይም ጥቂት ሳምንታት ይኖራሉ። ካምቢዮውም የራሱ ቀን አለው፤ የሻንሲ ቁጥር ቁራጭም ይመታበታል። ዲፍረንሻሉም የራሱ ኮድና ቀን አለው። አንድ አጭበርባሪ አንዱን ቁጥር ሊያሳምር ይችላል። ሁሉንም በሰልፍ ማቆም ግን ልፋት ነው፤ ብዙዎቹ ሰነፎች ናቸው።

የወዳጄ መኪና አካሉ ግን ንጹሕ ነበር። በ1968 እና 69 ካማሮ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ቁራጭ በሁለት ስውር ቦታ ተመትቶ ይገኛል። አንዱ ከመስታወቱ በታች ካለው የአየር ማስገቢያ ላሜራ ስር፣ ሌላው ከማሞቂያው ጀርባ ግድግዳው ላይ። ሁለቱንም ፈትተን አየን፤ ከዳሽቦርዱ ጋር ገጠሙ። የተሰረቀ አይደለም፣ ተቆርጦ የተበየደም አይደለም። ደህና ካማሮ ነው። ብቻ ዚ-28 አይደለም። ወዳጄ ከከፈለው ግማሽ ያህሉ የስም ዋጋ ነበር። ሻጩ "እኔም እንዲሁ ነው የገዛሁት" አለ፤ ምናልባት እውነቱን ነው። ወዳጄ መኪናውን አልሸጠም። እኔን ግን ለአንድ ዓመት "ሱፍ ለባሹ" እያለ ጠራኝ።

ይህንን ስል መሳይ መኪና ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ሰው ተራ ካማሮ ገዝቶ እንደ ዚ-28 አሳምሮ ቢነዳው መብቱ ነው። ብዙዎቹ ከኦሪጅናሉ በተሻለ ይቆማሉ፣ ይዞራሉ። "ክሎን ነው" ብሎ በክሎን ዋጋ የሚሸጥ ሰው ጨዋ ነው። እንዲያውም ለመንዳት የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ ክሎን ግዛ እለዋለሁ። ኦሪጅናሉን ዝናብ ሲነካው ማን እንቅልፍ ይወስደዋል?

ፎርድ የሚወዱ እጃቸውን ያውጡ። እናንተ ታድላችኋል። የፎርድ ቁጥር አምስተኛው ቦታ ላይ የሞተሩ ኮድ አለ። በ1965 ሙስታንግ ላይ ኬ ከሆነ 271 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 289 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ነው። ከ1967 ጀምሮ ያለው የፎርድ የምርት መረጃ ደግሞ ማርቲ በሚባል ድርጅት እጅ ስላለ "ማርቲ ሪፖርት" ታወጣላችሁ። ክራይስለሮችም አምስተኛው ቦታ ላይ ሞተሩን ይጽፋሉ። በ1970 እና 71 አር ከሆነ 426 ሄሚ የሚባለው ሞተር ነው። ለዚህ ነው የሄሚ አጭበርባሪ ሞተር በመቀየር የማይመለሰው። የሻንሲ ቁጥሩን ራሱን መንካት አለበት፤ ከሞተ መኪና ፕሌት ነቅሎ ሌላ አካል ላይ ይመታል። ይሄ ደግሞ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ፈተናው ግን ትልቅ ነው። በ2014 ሲያትል ላይ ጣሪያው የሚከፈት፣ ይኸው ሄሚ ያለው የ1971 የክራይስለር ኩዳ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

ፕሌት የነካ ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ካንሳስ ውስጥ አንድ ሰው የ1959 ኮርቬት የሚባል የሼቭሮሌት መኪና ገዝቶ ሊያስመዘግብ ሄደ። መኪናው ሲታደስ የሻንሲ ፕሌቱ ተነቅሎ ተመልሶ ነበር። ሰውየው የሚያውቀው ነገር የለም። ፖሊስ መኪናውን ወሰደበት። ለዓመታት በፍርድ ቤት ሲንከራተት ቆየ፤ የግዛቱ ሕግ በ2022 ከተሻሻለ በኋላ ነው የተመለሰለት። ስለዚህ ሪቬቶቹን እዩ። የጄኔራል ሞተርስ ሪቬት በዚያ ዘመን ራሱ እንደ አበባ ነው፣ ባለ 6 ቅጠል። ክብ ተራ ሪቬት ካያችሁ ጠይቁ።

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹን ልንገራችሁ። በ1968 "ቡሊት" በሚባለው ፊልም ስቲቭ ማክዊን አረንጓዴ ሙስታንግ ይነዳል። መኪኖቹ ሁለት ነበሩ፤ የሻንሲ ቁጥራቸው ተከታታይ፣ በ125558 እና በ125559 የሚያልቁ። 559ኛውን አንድ ቤተሰብ በ1974 በ6,000 ዶላር ገዛው። ሚስትየው ወደ ሥራ ትነዳው ነበር። ማክዊን ራሱ በ1977 ሽጡልኝ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፤ አልሸጡለትም። ዝም ብለው ኖሩና በ2020 ፍሎሪዳ ላይ በ3.4 ሚሊዮን ዶላር ተጫረተ።

558ኛው ግን የዝላይና የግጭት ትዕይንቱን የሠራው ነው። አልቆለታል ተብሎ ነበር። በ2016 አካባቢ ሜክሲኮ፣ ባሃ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዝጎ ተገኘ። ያገኙት ሰዎች የገዙት የሌላ ፊልም መኪና መሳይ ሊያደርጉት ነበር! ሞተር የለው፣ ወረቀት የለው፣ ቀለሙ ሌላ። ከመቀየሩ በፊት ቁጥሩን አጣሩ፤ 8 ለ1968፣ አር ለሳን ሆሴ ፋብሪካ፣ 02 ለጀርባው ዘቅዛቃ፣ ኤስ ለ390 ሞተር፣ ከዚያ 125558። የዚያ የ"ማርቲ ሪፖርት" ባለቤት ኬቪን ማርቲ ሄዶ አየው። ለዝላይ የተጠናከረው ብረትም ቦታው ላይ ነበር። የወዳጄ ካማሮ ተሞሽሮ ዋሸ፤ ይሄ ዝጎና ተራቁቶ እውነቱን ተናገረ።

ጥያቄ አለ? እሺ፣ እዚያ ጥግ ያለኸው ወንድሜ።... ጥያቄው "ወረቀት ሙሉ ከሆነስ?" ነው። ወረቀት ጥሩ ነው። አንዳንዴ የፋብሪካው የሥራ ወረቀት ከነዳጅ ታንኩ አናት ወይም ከወንበሩ ስፕሪንግ ውስጥ ይገኛል፤ የአይጥ ሽታ ያለው፣ የተቀዳደደ ቢሆን ደስ ይለኛል። ንጹሕ ሆኖ በፕላስቲክ ታሽጎ ከመጣ ግን እሱንም እንደ ሌላው ምስክር ለብቻው አቁሜ እጠይቀዋለሁ። ካናዳ ለተሸጠ መኪና ደግሞ የጄኔራል ሞተርስ የካናዳ ቅርንጫፍ ሰነድ አለው፤ የአሜሪካው ካማሮ ይህን ዕድል አላገኘም።

ሌላ?... አንተ የ67 ሼቬል ኤስ ኤስ 396፣ ጉልበተኛውን የሼቭሮሌት መካከለኛ መኪና፣ ይዤ መጥቻለሁ ነው የምትለው? ውጭ ቆሟል? እሰይ! የ69 ቢሆን ኖሮ እስኪነጋ ያሰነብተን ነበር፤ ያኔ ኤስ ኤስ ተመልሶ ዕቃ ሆኗል። ከ1966 እስከ 68 ግን የራሱ ሞዴል ነበር። 138 ካለ ኤስ ኤስ ነው፤ 136 ካለ ማሊቡ የሚባለው ተራው ሼቬል ነው። የ67 ፕሌት ዳሽቦርድ ላይ አይደለም፤ የሹፌሩን በር ስትከፍት ማጠፊያው ባለበት ምሰሶ ላይ ነው። ሻጩ ያለህን አትንገረኝ። ዛሬ ሱፍ አልለበስኩም፣ ባትሪዬም ኪሴ ውስጥ ነው። ጃኬታችሁን ያዙ፣ ውጭ ይበርዳል።